«ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የጂፕሰምና የቀለም ሥራ በሰብ (ከዋናው ተቋራጭ ሥራ ተቀብዬ) እየያዝኩ የምሠራ ነኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚሠራ ባለ ስምንት ፎቅ ሕንፃ ላይ ከዋናው ተቋራጭ ጋር ግንቦት 2016 ተዋዋልን። ዋጋው በካሬ ነው፣ ከነዕቃው። ከሦስተኛ እስከ ሰባተኛ ፎቅ ያለውን ከጨረስኩ ስምንት ወር ሆኖኛል። ስምንተኛው ፎቅ ብቻ ቀርቶኛል። በኔ ልኬት የሠራሁት 4,860,000 ብር ይሆናል። በሦስት ጊዜ 2,750,000 ተቀብያለሁ። 2,110,000 ብር አልተከፈለኝም። በዚህ ውስጥ የሦስተኛ ፎቅ አዳራሽ ኮርኒስ ከተሠራ በኋላ «ዲዛይኑ ተቀየረ፣ አፍርሰው» ተብዬ እንደገና የሠራሁበት 410,000 ብር አለ። እሱን በቃል ነው የታዘዝኩት።

ተቋራጩን ጋሼ ነው የምላቸው። በፌራዮ (ብረት አሳሪ) ረዳትነት ሳይት የገባሁት በእሳቸው ነው። በሄድኩ ቁጥር «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ፣ እኔስ ከየት ላምጣ» ይሉኛል። የእሳቸው ኢንጂነር ደግሞ ልኬትህ በዝቷል ይላል፣ የመስኮቱን ክፍት ቦታ ሁሉ ይቀንሳል። ሒሳብ ክፍሉ በበኩሉ መጀመሪያ የቫት ደረሰኝ አምጣ ይለኛል። ውላችን ሁለት ገጽ ናት። «ክፍያ ሥራው ተለክቶ በጸደቀ በ15 ቀን ውስጥ ይፈጸማል» ትላለች፤ ሥራው እስኪረከብ ከክፍያው የሚቀር 5 በመቶ መያዣም አለው። 14 ሠራተኞች የሁለት ወር ደሞዝ ይጠብቁኛል። እቁቤን አስቀድሜ በልቼ ዕቃ ገዝቼበታለሁ፣ አሁን መጣያው አንቆኛል። ጓደኞቼ ኮርኒሱን አውርደው ይሉኛል። ልክሰሳቸው? ሥራውን ልተወው? ዕቃ ከተወደደ ወዲህ የከሰርኩበትን ጭማሪስ መጠየቅ እችላለሁ?

ግራ የገባው፣ ከሰንጋ ተራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ኮርኒሱን እንዳትነካ። የተሰቀለ ጂፕሰም የሕንፃው አካል ሆኗል። ሌሊት ገብተህ ብታወርደው፣ ዛሬ ገንዘብ ጠያቂ የሆንከው ሰው ነገ በንብረት ማውደም ተጠያቂ ትሆናለህ። ጋሼም «ይኸው ሥራዬን አፈረሰብኝ» የሚሉበት አፍ ያገኛሉ። ፎቆቹን መቆለፍም ያው ነው። እንዲህ አድርግ ያሉህ ጓደኞችህ ፖሊስ ጣቢያ አብረውህ አያድሩም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። 2,110,000 ብር ስትል እንደ አንድ ዕዳ ነው የምታስበው። ጋሼ ቢሮ ገብተህም አንድ ላይ ጠቅልለህ እንደምትጠራው እገምታለሁ። ግን ሦስት ዓይነት ገንዘብ ነው፣ ሦስቱም ጸባያቸው ይለያያል።

አንዱ መያዣው ነው። ከ4,860,000 ብር 5 በመቶው 243,000 ይመጣል። በልማድ የመያዣ ግማሹ በጊዜያዊ ርክክብ ይለቀቃል፤ ቀሪው አብዛኛውን ጊዜ ዓመት ቆይቶ በመጨረሻው ርክክብ ነው። ውልህ ከዚህ የተለየ ነገር ካላለ ሕንፃው ሳያልቅ ይህን ገንዘብ ዛሬ መጠየቅ አትችልም። ከጥያቄህ አውጣው። አይጠፋብህም፣ ጊዜው አልደረሰም እንጂ። ሁለተኛው የአዳራሹ 410,000 ብር ነው፤ ወረቀት የለውም። እነዚህን ስትቀንስ 1,457,000 ብር ይቀርሃል። ዋናው ጉዳይህ ይህ ነው። ሦስቱን ቀላቅለህ ስትጠይቅ ጋሼ ደካማውን መዝዘው ጠንካራውንም አብረው ያዘገዩብሃል። «መያዣ ጨምሮ ይጠይቀኛል፣ ያላዘዝኩትን ይደምራል» ብለው ቢናገሩ የሚሰማቸው ሰው «እውነታቸውን ነው» ይላል።

1,457,000ውም ቢሆን ገና ያንተ ቁጥር ነው። ይህን ስነግርህ ቅር እንዳይልህ። ብዙ ዓመት ቢሮ ተቀምጬ የሰብ ተቋራጮችን ክፍያ ስመረምር ኖሬያለሁ። ጠቡ ከውጭ ሲታይ «ክፈል፣ አልከፍልም» ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ብዙውን ጊዜ የተፈረመ ልኬት የለም። ውልህ «ተለክቶ በጸደቀ በ15 ቀን» ይላል። ካልተለካና ካልጸደቀ 15 ቀኑ መቁጠር አልጀመረም ሊሉህ ይችላሉ። ስለዚህ ገንዘቡን ከመጠየቅህ በፊት ልኬቱን አስፈርም።

የመስኮቱን ነገር እንየው። መስኮቱ 1.50 በ1.80 ነው እንበል። ክፍት ቦታው 2.70 ካሬ ነው። በአንድ ፎቅ 22 መስኮት ካለ በአምስት ፎቅ 110 ይሆናል። አንተ ግድግዳውን ሙሉ ለክተህ ከሆነ 297 ካሬ ያልቀባኸውን ቀባሁ ብለሃል ማለት ነው። ኢንጂነሩ መቀነሱ ልክ ነው። ግን መቀነስ ብቻ አይደለም። የመስኮቱን የውስጥ ጠርዝ፣ ሁለቱን ጎንና የላዩን፣ ስቱኮ መትተህ ቀብተሃል። ግድግዳው 20 ሳንቲ ከሆነ የአንዱ መስኮት ጠርዝ 1.02 ካሬ ይወጣዋል። በ110 መስኮት 112 ካሬ ነው። እሱ የቀነሰውን ሲቀንስ ይህንን አልደመረልህም ብዬ እወራረዳለሁ። ሁለታችሁም በየፊናችሁ እውነት አላችሁ፤ ግን አብራችሁ ሜትር አልያዛችሁም። ውሉ ስለ አለካኩ ያለው ነገር ካለ በእሱ ሂዱ። ከሌለ የተሠራው ገጽ ይለካ።

ቀን ቆርጠህ ኢንጂነሩን በጽሑፍ ጥራው። ፎቅ በፎቅ፣ ክፍል በክፍል ለክታችሁ ቴክኦፍ ሺቱ (የልኬት መመዝገቢያ ወረቀቱ) ላይ ሁለታችሁም በየገጹ ፈርሙ። ባልተስማማችሁበት መስመር ላይ የሁለታችሁንም ቁጥር ጻፉና እለፉ። ለአንድ መስኮት ብላችሁ ሌላውን ሁሉ እንዳታቆሙት። በቀጠሮው ካልመጣ እንደገና በጽሑፍ ጥራው። ሁለት ጊዜ ተጠርቶ አልለካም ያለ ሰው በኋላ «ልኬቱ በዝቷል» ሲል ጥያቄ ይነሳበታል።

ወደ ጋሼ ቃል ልምጣ። «ባለቤቱ ሲከፍለኝ እከፍልሃለሁ» የምትባለው ነገር በአዲስ አበባ ሳይቶች እንደ ሕግ ትቆጠራለች። ሕግ አይደለችም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1731 በአግባቡ የተደረገ ውል ለተዋዋዮቹ ሕግ ነው ይላል። ያንተ ውል 15 ቀን ነው የሚለው። ባለቤቱን አይጠራም። ባለቤቱም ካንተ ጋር አልተዋዋለም። እሱ ለጋሼ መክፈል አለመክፈሉ የእነሱ ጉዳይ ነው። ዓረፍተ ነገሯ ውሉ ውስጥ ተጽፋ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይከብድብህ ነበር። ያኔ የሚቀርልህ ክርክር «የክፍያ መጠየቂያ ሰርተፊኬቱን በጊዜ አስገብተዋል ወይ? ገንዘቡን ተከታትለዋል ወይ?» የሚል ይሆን ነበር። ዕድለኛ ነህ፣ አልተጻፈችም። ወደፊት ውል ስትፈርም ይህችን መስመር ፈልጋት።

ይሁንና ጋሼ ውሸታም ናቸው እያልኩህ አይደለም። እውነትም ሳይከፈላቸው ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ፣ ብሩ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በድሮ ዋጋ የተዋዋሉ ተቋራጮች ብዙዎቹ ትንፋሽ አጥሯቸዋል። ባለቤቶችም እንደዚያው። ስለዚህ አንድ ነገር አጣራ። ጋሼ ለአማካሪው (ሥራውን ለባለቤቱ ለሚቆጣጠረው ድርጅት) ባስገቡት የክፍያ ሰርተፊኬት ውስጥ ያንተ ጂፕሰምና ቀለም ገብቷል ወይ? ሳይት ላይ ያለውን የአማካሪውን መሐንዲስ በትህትና ጠይቀው። ገብቶ ጸድቆ ከሆነ ጋሼ ሥራህን ተሠርቷል ብለው ለሦስተኛ ወገን አምነዋል ማለት ነው። ስንት ካሬ ብለው እንዳስገቡም ታያለህ። ካንተ ሲለኩ መስኮት ቀንሰው ለባለቤቱ ሳይቀንሱ የሚያስገቡ አሉ። ጋሼ እንዲህ አደረጉ አላልኩም። እየው ብቻ።

ልኬቱ ሲፈረም ደብዳቤ ትጽፋለህ። «ለጋሼ ደብዳቤ? እንዴት ሆኖ!» እንደምትል አውቃለሁ። ያሳደጉህ ሰው ናቸው፤ ደብዳቤ ክስ ይመስላል። እንዲህ አድርግ። መጀመሪያ ራስህ ሂድና በቃል ንገራቸው፦ «ጋሼ፣ እርስዎን አልጠራጠርም። ግን እቁብተኛውም ሠራተኛውም ወረቀት አሳየን ይለኛል። ወረቀት ላስገባ ነው፣ እንዳይከፋዎ።» ክብራቸውን ከጠበቅክ ብዙ ሰው በዚህ አይቀየምም። ከተቀየሙም፣ የ14 ሰው ደሞዝ ከቅያሜ ይበልጣል።

ደብዳቤው አጭር ይሁን። ስድብ፣ ልመናና የኑሮ ውድነት ትንተና አይግባበት። ይህን ያህል ይበቃል፦ «በግንቦት 2016 በተፈራረምነው ውል መሠረት ከ3ኛ እስከ 7ኛ ፎቅ ሠርቼ በጋራ ለክተን ከተፈራረምነው ሥራ ውስጥ ያልተከፈለኝ ብር ይህን ያህል ነው። ይህ ደብዳቤ በደረሰዎ በ15 ቀን ውስጥ እንዲከፍሉኝ እጠይቃለሁ።» ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ። ባንተ ኮፒ ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀኑንና ፊርማውን ያስቀምጥ፣ ማኅተምም ካለ ይምቱበት። በቴሌግራም የላክኸው መልእክት ምንም አይጠቅምም አልልም፣ አታጥፋው፤ ግን በእሱ ብቻ አትተማመን።

ደብዳቤው ለወግ ብቻ አይደለም። በቁጥር 1772 መሠረት ባለዕዳው ውሉን አልፈጸመም ብለህ መብትህን ለመጠየቅ በመጀመሪያ ማስጠንቀቂያ መስጠት አለብህ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሕጋዊው ወለድ፣ በዓመት 9 በመቶ፣ መቁጠር ይጀምራል። በ1,457,000 ብር ላይ በዓመት 131,130 ብር ነው። ወለዱን ላታስከፍላቸው ትችላለህ። ግን ለድርድር ስትቀመጥ «ወለዱን ትቼልዎታለሁ» ማለት መቻልህ ራሱ ጉልበት ነው።

እንደኔ ካንተ ጉዳይ ቶሎ ገንዘብ የሚያመጣው መንገድ ይኸኛው ነው። ጋሼ እጃቸው ላይ ገንዘብ ከሌለ ባለቤቱ ጋ ያላቸው ገንዘብ ይሠራል። ለባለቤቱ አንድ ደብዳቤ ይጻፉልህ፦ ከሚቀጥለው የጸደቀ ክፍያዬ ላይ ይህን ያህል ብር ቀንሳችሁ በቀጥታ ለእገሌ ክፈሉልኝ የሚል። ባለቤቱ ተቀብያለሁ ብሎ ይፈርምበት፣ አማካሪውም ኮፒ ይድረሰው። ባለገንዘብ መብቱን ለሌላ ማስተላለፍ በሕጋችን የታወቀ ነገር ነው። ለጋሼም ይቀላቸዋል፤ ካዝናቸው ሳትነካ ዕዳቸው ትወርዳለች። ባለቤቱም ሕንፃው እንዲያልቅለት ይፈልጋል። «ሲከፍሉኝ እከፍልሃለሁ» እውነት ከሆነ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ የሚያቅማማ ሰው የለም። ካቅማሙ ብሩ ገብቶ ሌላ ሳይት ላይ ውሏል ብለህ ብትጠረጥር አልፈርድብህም።

የሒሳብ ክፍሉ «ደረሰኝ አምጣ» ጥያቄ ወጥመድ አለበት። በ1,457,000 ብር ላይ 15 በመቶ ቫት 218,550 ብር ነው። ደረሰኙን ዛሬ ከቆረጥክ ያላገኘኸውን ገንዘብ ግብር ማሳወቅ ይመጣብሃል። የባሰው ደግሞ የጥሬ ገንዘብ ሽያጭ ደረሰኝ ከሰጠህ «ከፍለነዋል፣ ይኸው ደረሰኙ» ሊሉህ ይችላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የክፍያ መጠየቂያ ብቻ አስገባ። ደረሰኙን ሲፒኦው (የባንክ ክፍያ ማዘዣው) ወይም የባንክ ዝውውሩ በታየበት ቀን ቁረጥ። የግድ ቀድሞ ይምጣ ካሉ የዱቤ ሽያጭ ደረሰኝ ይሁን። ለወደፊት ቀን የተጻፈ ቼክ ቢሰጡህ ደግሞ ቼክ ዕዳ አይከፍልም፣ የሚከፈለው ሲመነዘር ነው። ያለ ስንቅ ቼክ መጻፍ በወንጀል ሕጉ ቁጥር 693 ያስጠይቃል፤ ጋሼን እዚያ ድረስ እንድታደርሳቸው አልመክርህም። ቀጥታ ዝውውር ይሻላል።

የአዳራሹ 410,000 ብር ለየብቻው ይሂድ። ማን አዘዘህ? ፎርማኑ፣ የጋሼ ኢንጂነር ወይስ አማካሪው? አማካሪው ከሆነ የሳይት መመዝገቢያው ላይ ወይም የተቀየረው ንድፍ ላይ አንድ መስመር አይጠፋም፤ ጋሼም ከባለቤቱ እንደ ተጨማሪ ሥራ ሊጠይቁበት ይችላሉ። ትዕዛዙ ከጋሼ ቢሮ ብቻ ከሆነ ምስክርህ ሠራተኞችህና ስልክህ ላይ ያለው ፎቶ ነው። አሮጌው ኮርኒስ ሲፈርስ ያነሳኸው ፎቶ ይኖራል፣ ሠራተኞችህንም ጠይቅ። በዚህኛው ላይ ለመደራደር ተዘጋጅ። ግማሹን አግኝተህ ብትዘጋው አልወቅስህም።

የዕቃ ጭማሪውን ተው። አዝናለሁ፣ ግን ተው። ውልህ የዋጋ ማስተካከያ ከሌለው ሥራው ስለከበደ ብቻ ውሉ አይቀየርም፤ ቁጥር 1764 በግልጽ ይህንኑ ይላል። ጋሼ በፈቃዳቸው ቢጨምሩልህ እሰየው። በደብዳቤው ውስጥ ግን ካስገባኸው ጥርት ያለውን ጥያቄህን ታደፈርሰዋለህ።

ስለ ክስ ጠይቀሃል። ልደታ ፍርድ ቤት ከሳይትህ በእግር ይኬዳል፤ ቅርበቱ ግን አያታልልህ፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው። መጀመሪያ ውልህን አገላብጠህ «በግልግል ዳኝነት ይታያል» የሚል ካለ እይ። ካለ፣ ተከሳሽ ሲያነሳው ፍርድ ቤቱ ወደዚያው ይመልስሃል። የግልግልና የዕርቅ አሠራር አዋጅ ቁጥር 1237/2013 አለ፤ ሜክሲኮ ያለው የአዲስ አበባ ንግድና የዘርፍ ማኅበራት ምክር ቤትም የግልግል ተቋም አለው። እንዲህ ያለ ቃል ከሌለ ገንዘቡ ከ10 ሚሊዮን ብር በታች ስለሆነ የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያየዋል። እዚህ ላይ የተፈረመው ልኬት ጥቅሙ ይታያል። መጠኑ የተቆረጠ የገንዘብ ዕዳ ከሆነ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 284 መሠረት በአጭር ሥነ ሥርዓት ክስ ማቅረብ ይቻላል፤ ተከሳሹ ለመከራከር መጀመሪያ ማስፈቀድ አለበት። ያልተፈረመ ልኬት ይዘህ ከሄድክ ግን ባለሙያ ይለካው፣ ምስክር ይሰማ እየተባለ ዓመት ይሄዳል። ከመክሰስህ በፊት ጠበቃ ወረቀቶችህን ይይልህ።

ከዚያ በፊት ሽማግሌ ሞክር። የሰፈር ሽማግሌ አይደለም ያልኩህ። ሁለታችሁም የምታከብሩት፣ ልኬት የሚያነብ አንድ አንጋፋ ተቋራጭ ፈልግ። እርቁ ካለቀ በቡና አይዘጋ፤ መጠኑና የክፍያ ቀኑ ይጻፍ፣ ይፈረም። ጊዜም አለህ። የውል ገንዘብ ይርጋው (የመክሰሻ ጊዜ ገደቡ) በመርህ ደረጃ አሥር ዓመት ነው። ሠራተኞችህ ግን አሥር ዓመት አይጠብቁህም።

ስለ እነሱ አንድ ነገር ልበልህ፣ ስላልጠየቅኸኝ ይቅርታ። «ጋሼ ሲከፍሉኝ እከፍላችኋለሁ» ብለሃቸዋል አይደል? ያው እኮ ነው፤ አንተን ስምንት ወር ያንገላታችህ ዓረፍተ ነገር። እነሱን የቀጠርካቸው አንተ ነህ። ከጋሼ ጋር ውል የላቸውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ችሎት ቢሄዱ የዳኝነት ሳይከፍሉ ነው የሚከሱህ፤ ትሸነፋለህም። ከሚመጣው የመጀመሪያ ብር ደሞዛቸው ይቅደም፣ እቁቡ ይከተል። የእቁቡን ዳኛ ሄደህ አነጋግረው፤ ዝም ብሎ ከመቅረት ቀድሞ መናገር ይሻላል።

የቀረው ስምንተኛው ፎቅ ነው። ዝም ብለህ ጥለህ አትውጣ። ሳይናገር የጠፋ ሰብ «ሥራ አስተጓጎለ» ተብሎ የመዘግየት መቀጫ ይጻፍበታል። በዚያው ደብዳቤ ላይ የቀድሞው ክፍያ ሲፈጸም ስምንተኛውን ለመቀጠል ዝግጁ መሆንህን ጻፍ። ጋሼ ከቸኮሉ ሌላም መላ አለ። ለዚህ ፎቅ ብቻ ቦርዱን፣ ፕሮፋይሉን፣ ስቱኮውንና ቀለሙን እሳቸው ይግዙ። አንተ በእጅ ዋጋ ሥራ፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ይለካ፣ ይከፈል። ይህንንም በግማሽ ገጽ ጽፋችሁ ተፈራረሙ። ዕቃው ሳይት እስኪገባ ድረስ ስካፎልዲንግ (መወጣጫ) እንዳትተክል።